የአቶ ዳገት የፊት ጎማ

የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችንን በሌለበት «አቶ ዳገት» እንለዋለን። ብስክሌት ከገዛ ወዲህ ስለ ዳገት ካላወራ ምሳ አይወርድለትም። በአውቶቡስ የምንመጣውን እኛንማ ከቁብ አይቆጥረንም። ሁልጊዜ ጠዋት ሄልሜቱን ጠረጴዛ ላይ ጉብ አድርጎ፣ «እናንተ እንደ ጆንያ ተጭናችሁ ስትመጡ፣ እኔ ያን ዳገት አንዴም ሳልወርድ ጨረስኩት!» ይለናል።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ፣ ውጭ አገር ለሚደረገው የብስክሌት ጉዞ መሥሪያ ቤቱን ወክሎ የሚሄደውን ሰው ሊያሳውቁን ግቢው ውስጥ ሰበሰቡን። አቶ ዳገት ካልተመረጠ የሚሞት ይመስላል። ሰው መሳይ በሸንጎ፣ ቦርጩን በላስቲክ ልብስ ጠፍሮ በበሩ ገባ። ብስክሌቱን ግን ተሸክሞታል። የፊት ጎማ የለውም።

«ምነው ጋሼ፣ ጎማው የታለ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ተሰረቅኩ!»

«የት?»

«ዳገቱ ላይ።»

«እየነዱት?»

ይህን ጊዜ አንዲት አሮጌ መኪና ጡሩምባዋን እየነፋች በሩ ላይ ቆመች። መኪናዋን የሚነዳው የሚስቱ ወንድም ጎማውን በመስኮት አወጣው።

«ጋሼ! ብስክሌቱ መኪናዋ ውስጥ አልገባ ብሎ የፈታነውን ጎማ ረስተኸው ወረድክ እኮ! ነገም እንደ ሁልጊዜው እዚያችው ጥግ ላውርድህ?»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን፤ ሳቅ ሊያፈነዳን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ብቻ ፈገግ እንኳ ሳይሉ ወደ አቶ ዳገት ዞሩ።

«ለመሆኑ የሚስትህ ወንድም ፓስፖርት አለው?»