የውሸት ሳል

በዚያ ቤት የእናት መዳፍ የሚደርሰው ለታመመ ብቻ ነው። ትንሹ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ሳንባው አክታ ስለሚይዝ፣ እናትየው ጠዋትና ማታ ጭኗ ላይ በደረቱ ታስተኛዋለች። ከዚያ መዳፏን እንደ ጭልፋ አጉብጣ፣ አክታው እንዲላቀቅ ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች። «አውጣው የኔ ጌታ፣ ጎሽ!»

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ዐሥር ዓመቷ ነው። እሷ የክፍሏ አንደኛ ብትወጣ «ጎበዝ!» ትባላለች፤ ወድቃ ጉልበቷ ቢላጥም «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» ተብላ ትታለፋለች። «የኔ ጌታ» የሚባለው ወንድሟ ግን አክታ በተፋ ቁጥር ይሳማል። ለአክታ! እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሳንባውንም ተመኝታለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መላ መጣላት። ኮሪደሩ ላይ ቆመችና ሳለች። ደገመችው፤ እንደ ወንድሟ ከሆዷ ጎትታ። እናትየው ከልጁ ክፍል እየሮጠች ወጣች። ልጅቷም በደስታ ጀርባዋን ለመስጠት ዞር አለች።

«እዚያው ቁሚ! እንዳትጠጊ!»

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። እሷን ንፍጥ የሚያስጎትታት ጉንፋን ወንድሟን ሆስፒታል ያስተኛዋል። በዚያ ቤት የሳለ ሰው ከቤት እንደሚወጣ እያወቀች ረሳችው። እናትየው ስልኳን አንስታ ለአክስትየዋ መደወል ጀመረች። «እስኪሻልሽ አክስትሽ ጋ ትሆኛለሽ።»

«ውሸቴን ነው!» ልጅቷ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አላመመኝም። እኔንም መታ መታ እንድታደርጊኝ ብዬ ነው።»

እናትየው ስልኩን አስቀምጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ነይ፣ ተኚ።»

የእናቷ መዳፍ ጀርባዋ ላይ አረፈ። ሙቅ ነበር፤ ካሰበችውም በላይ። ግን ምቱ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። ቀና ብላ ብታይ እናቷን እንቅልፍ ጥሏታል። እጇ ግን እዚያው ነው፣ የሷ ብቻ ሆኖ። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

በዚህ መሃል ወንድሟ ከክፍሉ ሳለ። «ዝም በል፣ አሁን የኔ ተራ ነው» አለችው በልቧ። ደግሞ ሳለ፤ ይሄኛው የውሸት አይደለም። ልጅቷ ክንዷን ቀስ ብላ ዘረጋችና የእናቷን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች።

እንደሸፈነች ቆየች። ቀጥሎ የመጣው ሳል ግን መሃል ላይ ታነቀ፤ ከዚያ ምንም አልተሰማም።

«እማዬ!» አለች እጇን አንስታ። «ተነሺ! ልጅሽ ታነቀ!»

እናትየው ከጭኗ ላይ ገፍትራት ተስፈንጥራ ሮጠች። ወዲያው የመታ መታው ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሳል፣ ቀጥሎ የልጁ ለቅሶ። ልጅቷ ወለሉ ላይ በደረቷ እንደተኛች ታዳምጥ ነበር።

«ጎበዝ!» አለቻት እናቷ ከክፍሉ ውስጥ። «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ!»