የተለጠፈ ምሰሶ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእንዳሻውን ስም ያወጣው መልአክ መሆኑን ግን እንጃ፤ እንዳሻው ይናገራል፣ እንዳሻው ይማታል። የሚመታውም ሚስቱን ፀዳልን ነው።

በስደት አገር፣ ፓርክ ሂል በሚባል ሰፈር ያለውን ቤት የገዙት አብረው ነው፤ እሷ አረጋውያን መጦሪያ ድርብ ፈረቃ እየሠራች፣ እሱ ታክሲ እየነዳ። አሮጌ ቤት ነው፤ የእንግሊዝ ገጠር ቤት አስመስለው የሠሩት። ጣሪያው እንደ ሣር ክዳን ጎበጥ ብሏል፣ ነጩን ግድግዳ ጥቋቁር እንጨቶች ያቋርጡታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንዳሻው ውጭ አቁሞ ያስተምራል።

«እንግሊዞቹም እንደኛው ናቸው። መጀመሪያ ምሰሶና ማገር ያቆማሉ፣ መሃሉን በጭቃ ይመርጋሉ፣ ላዩን ሣር ይከድናሉ። ቤቱን ሆልድ የሚያደርገው ይሄ እንጨት ነው። አንዱን ብትነቅለው ቶታሊ ኮላፕስ ያደርጋል።»

ፀዳል ይህን አምና ኖረች።

በፈረንጆቹ 2006 ማብቂያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ዘግየት ብላ ገባች። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ሳትጨርስ በፀጉሯ ጎትቶ አወጣትና ከግድግዳው ጋር አላተማት። ሲደግማት አንዱ ጥቁር እንጨት ተገንጥሎ ወደቀ። ቤቱ ሊናድብን ነው ብላ ጭንቅላቷን በክንዷ ሸፈነች።

ምንም አልተናደም። ከእንጨቱ ጀርባ ያለው ጡብ ነው። ምሰሶ የተባለውም ስስ ጣውላ ነበር፣ በረጃጅም ሚስማር የተለጠፈ። አፏ ደም እንደሞላ ሳቋ መጣ። ያንን ሳቅ አልቻለውም፤ በእርግጫ ሲላት የጎድን አጥንቷ ቀጭ ሲል ሰማችው።

ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሌላ ሰፈር፣ ጓደኛዋ ከበቡሽ ቤት ከረመች። ፈርታው ነበር፤ የላቧን ቤት ለእሱ ጥሎ መውጣቱ ደግሞ አንገበገባት። በመጨረሻ ሽማግሌው አቶ ወልደገብርኤል ሊያስታርቁ ይዘዋት መጡ። እንዳሻው በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ልጄ፣ ባል የቤት ምሰሶ ነው» አሏት ደጁ ላይ። «ምሰሶ ከተነቀለ ቤት አይቆምም።»

የወደቀው ጣውላ ሚስማሮቹ እንደወጡ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ፀዳል አንስታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይመዝኑት አባባ። የዚህ ቤት ምሰሶ ይሄ ነው። ቤቱ ያለ እሱ ከርሟል።»

እንዳሻው ጥርሱን ነክሶ ጡጫውን ወደ ፊቷ ሰነዘረ። አቶ ወልደገብርኤል በድንጋጤ ጣውላውን ደቀኑበት። ጡጫው ሚስማሮቹ ላይ አረፈ።

ጩኸቱ ጎረቤት አስወጣ። ጣውላው ከእጁ ጋር ተሰፍቶ፣ እንዳሻው ደጁን በሸፈነው በረዶ ላይ ተንበረከከ፤ ደሙ በረዶውን አቀለመው። ሽማግሌው ጣውላውን የደቀነ እጃቸውን አዩ፣ ቀጥሎ የፀዳል ከንፈር ላይ የቀረውን ጠባሳ።

«ግቢ ልጄ» አሏት። «ከውስጥ ቆልፊ።»