ወጥ ያለበት ግምገማ

እታለም «አመሰግናለሁ» የምትባለዋ ቃል ከአፏ አትወጣላትም። ቁጣ ከሆነ ግን፣ እግዜር ይይላት፣ እንደ ልብ ነው! ወረታ ላይ ምጥ የያዛቸውን እናቶች በአንዲት ባጃጅ ጤና ጣቢያ የምታደርስ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ትመራለች። ሾፌሩ ዳኘው፣ አዋላጇ ይርጋለምና ጥበቃው ጋሽ ወገኔ ክረምቱን ሙሉ ሳያጉረመርሙ ከጎኗ ቆመው ከረሙ። ታዲያ ዘንድሮ ቆርጣ ተነሣች፤ በግ አርዳ ልታበላቸው፣ ጋቢ ልታለብሳቸው። ድንገተኛ ይሁን ብላ ደግሞ «እሑድ ግምገማ አለ፣ ማንም እንዳይቀር!» አለቻቸው። በብልጠቷ ለብቻዋ ስቃለች።

እሑድ ረፋድ ላይ ወጡ ተንተከተከ። ከቁሐር ሚካኤል የተጠራችው እንግዳ፣ አምሳል፣ አራስ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ጋሽ ወገኔና ይርጋለም ፊታቸውን አጨፍግገው ገቡ። ጋሽ ወገኔ የባጃጇን ቁልፍ ዘረጉላት።

«ዳኘው ነው የላከው። በሰው ፊት ተዋርጄ ከምባረር ራሴ ልሂድ ብሎ በጎንደር በኩል ወደ መተማ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሊሄድ መናኸሪያ ወርዷል።»

«ማን ሊያባርረው? አበደ እንዴ?»

«አንቺ ነሻ! አምሳልን ሊያመጣ ጎርፍ የሞላው ሩዝ ማሳ ገብቶ ባጃጇ ውኃ የዋጣት ለት፣ ‹ቆይ፣ ግምገማ ላይ እንገናኛለን!› አላልሽውም?»

እታለም ክው አለች። ብላለች። ባጃጇ በበሬ ተጎትታ ከሩዝ ማሳው ስትወጣ አይታ፣ በንዴት ብላለች።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ወጥ ምንድን ነው?» አለች ይርጋለም ግራ ገብቷት።

እታለም ቁልፉን በአንድ እጇ፣ ጭልፋውን በሌላው እንደያዘች ወደ መናኸሪያው ሮጠች።

የጎንደሩ ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቷል። ዳኘው በመስኮት አያት።

«ቁልፉን ልኬያለሁ እኮ፣ እትዬ። ምን ቀረብኝ?»

«አንተ የማትረባ!» ብላ ጀመረች። የቀረውን ስድብ ግን ተወችው። «ግምገማ የለም። ዋሽቻችሁ ነው። በግ አርጄ ላመሰግናችሁ ነበር። ያን ለት አንተ ውኃው ውስጥ ባትገባ አምሳልንም ልጇንም እንቀብር ነበር። ይህን ልልህ ሲገባኝ ተቆጣሁህ። አመሰግናለሁ። ሰማኸኝ? አመሰግናለሁ!»

አጯጯኋ የጠብ ይመስላል እንጂ እንባዋ ይወርዳል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እልል አሉ።

ረዳቱ የመኪናውን በር ደበደበ። «ሰውዬው ይወርዳል አይወርድም?»

ዳኘው ዓይኑን ጠረግ አድርጎ ጭልፋውን አየ። «እትዬ፣ ወጡን ማን እያማሰለው ነው?»

«ወይኔ ጉዴ!»

ዘሎ ወረደና ቁልፉን ከእጇ ተቀበለ።

ወጡ አርሮ ጠበቃቸው። ቢሆንም ሁሉም ጣታቸውን እየላሱ በሉት። ለዳኘው ጋቢውን አምሳል ደረበችለት፤ ልጇንም አሳቀፈችው። ዳኘው ሕፃኑን ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ግንባሩን ሳመው።

ይህን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ሐሙሲት መንገድ ላይ አንዲት እናት ምጥ ይዟታል። ዳኘው ልጁን ለእናቱ መልሶ፣ አዲሱን ጋቢ እንደለበሰ ወደ ባጃጇ ሮጠ፤ ይርጋለምም ተከተለችው።

«ጋቢውን ጭቃ ታስነካና!» ጮኸች እታለም ከበር። «ውርድ ከራሴ፣ ግምገማ ላይ…»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዳኘው ግን እየሳቀ ሄዷል።