ከኋላዬ የቆሙት ጀሪካኖች

እኛ ካምፕ ምርጫ በወረቀት አይደለም። ተወዳዳሪው ፊቱን ወደ ኒም ዛፉ አዙሮ ይቆማል፣ መራጩ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል። ሰልፉ የረዘመለት ኮሚቴ ይገባል። ተወዳዳሪ ዞር ብሎ ማየት አይፈቀድለትም። ድሮ ይፈቀድ ነበር አሉ። አንዱ ዞር ብሎ የሚስቱን ወንድም በሌላው ሰልፍ ቢያየው እዚያው ዱላ ተማዘዙ። ከዚያ ወዲህ ፊት ወደ ዛፍ ሆነ።

እኔ ለኮሚቴው የተወዳደርኩት በቧንቧው የተነሳ ነው። የስደተኞች ካምፓችን ሱዳን ውስጥ፣ ከዶካ ከተማ ወጣ ብሎ ከእርሻው ዳር ነው ያለው። ግማሾቻችን ከመተማ በኩል የመጣን ነን፣ ግማሹ በሐምዳይት የተሻገረ የትግራይ ሰው ነው። በአጨዳ ወራት አብዛኛው ሴት ጎህ ሳይቀድ ሎሪ ላይ ወጥቶ ሰሊጥ ሊያጭድ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ቧንቧው ደግሞ የሚከፈተው እኩለ ቀን ላይ ብቻ። ማታ ስንመጣ ተቆልፏል። አቧራችንን ሳንታጠብ፣ ለወጥ የምትሆን ውሃ ከአህያ ጋሪ እየገዛን እናድራለን።

ይህን በስብሰባ ላይ ለአያ አስናቀው ነገርኳቸው። የውሃው ኮሚቴ እሳቸው ናቸው፣ ቁልፉ ከአንገታቸው አይወርድም።

"ፓምፑ የሚሠራው በፀሐይ ነው" አሉኝ። "ፀሐይን ማታ ውጪልኝ ልበላት?"

ሰው ሳቀ።

"ፀሐይዋን ይተዉአት። የቀን ውሃ ታንከር ውስጥ ያድር የለም እንዴ? ማታ ይክፈቱልን።"

"በሰዓቱ ያልደረሰ ራሱን ይውቀስ" ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ ዞሩ።

እዚያው ተነስቼ "እንግዲያው የእርስዎን ቦታ እኔ እፈልገዋለሁ" አልኩ። አስቤበት አልነበረም። ግን አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ከጎጆ ጎጆ ዞርኩ። "ኮከብ፣ ለመሆኑ ፊደል ትለያለሽ?" ያለኝ አለ። "ቧንቧ ለመክፈት ስንተኛ ክፍል ይበቃል?" አልኩት። ጎረቤቴ መብርሂት ግን የትግራዮቹን ሰፈር ብቻዋን ልትዞር ፈለገች። "ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንቺ አትምጪ" አለችኝ። "ሁለት ቃል ከተናገርሽ በኋላ ትጣያለሽ።" ውሸት አልተናገረችም።

ምርጫውን የሚያስፈጽመው ከገዳሪፍ የሚመጣ ሉጥፊ የሚባል ሱዳናዊ ነው። ገላባት ላይ ብዙ ዘመን ስለነገደ አማርኛ ይችላል። ቀኑን አጨዳው መሐል ላይ ጣለው። "ግፋልን" ስለው "ማፊ፣ አይሆንም፣ ቀን ቀን ነው" አለኝ። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፣ ከደረሰ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። አንድ ቀን የቀረች ሴት በማግስቱ ሎሪው ላይ ቦታ የላትም፣ ሌላ ሰው ተተክቶባታል።

"ታዲያ ማን ሊቆምልኝ ነው?" አልኳት መብርሂትን።

"አንቺ ከዛፉ ፊት ቁሚ። ሌላው የኛ ነው።"

በምርጫው ቀን ጠዋት ስደርስ ሎሪው ሄዷል። ከኒሙ ሥር ጀምሮ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ጀሪካን ተሰልፏል። ቢጫ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ አንገቱ የተቆረጠ አለ፣ እጀታው በቀይ ጨርቅ የታሰረ አለ። ቧንቧ ላይ ሰው ጀሪካኑን አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፣ ጀሪካኑ ካለ ባለቤቱ አለ ነው፣ ማንም አይቀድመውም። ሴቶቹ ያንኑ አደረጉ። በአካል የቆሙልኝ ጋሽ ተሻለ ብቻ ነበሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ።

በአያ አስናቀው ቦታ ኋላ ደህና ሰልፍ አለ። እሳቸው ገና ፊታቸውን ወደ ዛፉ ሳያዞሩ ጀሪካኖቹን አይተው "መራጮችሽ ቢጫ ሆነዋል፣ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው" አሉኝ።

ሉጥፊ መጣ። "ኮከብ፣ ይሄ ሰው አይደለም።"

"ባለቤት አለው።"

"ባለቤቱ የታለ?"

"ሰሊጥ ላይ።"

"ጀሪካን አልቆጥርም እኔ።"

"አትቁጠር። ባለቤቶቹን ትቆጥራለህ፣ ማታ ሲመጡ። ምርጫው ዛሬ ነው አልክ እንጂ ጠዋት ነው አላልክም።"

ሉጥፊ እኔን አየኝ፣ ጀሪካኑን አየ፣ ሳቁን ዋጠ። "ጠይብ፣ እሺ" አለ። "እስከ መግሪብ። ፀሐይ ስትገባ በሁለቱም ሰልፍ በእግሩ የቆመውን ሰው እቆጥራለሁ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ አላውቅም። ከቦታው የተነሳ ተወዳዳሪ ወጣ። ዞሮ ያየም ወጣ።"

"እኔ ምን በድዬ?" አሉ አያ አስናቀው።

"አንተም" አለ ሉጥፊ።

ጎን ለጎን ሆነን ዛፉን ማየት ጀመርን። ግንዱ ላይ ጉንዳን ይወጣል፣ ይወርዳል። ፀሐይዋ ስትከር ላቡ ከጀርባዬ ይወርድ ጀመር። የሚታየኝ ነገር ስለሌለ ወሬው ሁሉ ከጋሽ ተሻለ ነው።

እኩለ ቀን ሲሆን ከአያ አስናቀው ኋላ ሰው መንሾካሾክ፣ ቀጥሎም መጮህ ያዘ። "ቁልፉ፣ አያ አስናቀው። የውሃው ሰዓት ደረሰ።" እሳቸው ከተነሱ ወጡ፣ ቁልፉ ደግሞ አንገታቸው ላይ ነው። ትንሽ አመነቱና ሳይዞሩ ቁልፉን አውጥተው ወደ ኋላ ዘረጉ። "ወስዳችሁ ክፈቱ" አሉ። "ግን ሰልፉ እንዳይጠፋ ጫማችሁን እየተዋችሁ ሂዱ።"

የእግር ኮቴ ራቀ።

"ምን ቀረ፣ ጋሽ ተሻለ?" አልኩ።

"ነጠላ ጫማ ቀረ፣ ልጄ።"

"አያ አስናቀው፣ የእርስዎም መራጮች አጥረዋል" አልኳቸው። "የእኔ እንኳ ቁመት አላቸው።"

እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ፣ ያኔ ቀልድ አልነበረባቸውም። "ስሚኝ ኮከብ። ታንከሩ ለማታ አይተርፍም። ቀን የሚቀዳው ሰው እስኪበቃው ሲቀዳ ያልቃል። ብትመረጪም የምትከፍችው ባዶ ቧንቧ ነው።"

"ቀን የሚቀዳውን ይቀንሱት።"

"ከማን ላይ? ከአራሷ? ከሽማግሌው? እስቲ ንገሪኝ።"

እግሬ አብጦ ጫማዬ ቢጠበኝም ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። መልስ ባይኖረኝም ሴቶቹ ውሃ ሳይነኩ ማደራቸው ልክ አይሆንም።

ጥላችን ወደ አንድ ወገን ረዘመ። የአያ አስናቀው ሰዎች ተመለሱ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ውሃውን ቤት ያደረሰ ወጥ ጣደ፣ የተጋደመም አለ። ሉጥፊ ከመኪናው ወረደ።

"ጋሽ ተሻለ፣ ሎሪ ይታያል?"

"አቧራ ይታያል።"

"የሚመጣ ነው የሚሄድ?"

"ልጄ፣ ለእኔ ዓይን አቧራ ሁሉ አንድ ነው።"

ጆሮዬን ቀሰርኩ። አህያ ነው፣ ወፍጮው ነው፣ ልጅ ነው። ሉጥፊ "ፀሐይዋ መሬት ነካች" አለ። ኋላዬን ማየት እንዲያ አምሮኝ አያውቅም። ግንዱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ከዚያ የሎሪ ማርሽ ሲቀየር ሰማሁ። መንገዱ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ሩጫ መጣ፣ ብዙ እግር፣ የተደፋ ጀሪካን ኳኳታ፣ "ይሄ የኔ ነው፣ ያንቺ ወዲያ ነው" የሚል ጭቅጭቅ። የሰሊጥ አገዳ ሽታ ከኋላዬ ሞላ።

"ኮከብ፣ እንዳትዞሪ" አለች መብርሂት እያለከለከች። "አንድ ቀን እንኳ የተባልሽውን ስሚ።"

ሉጥፊ ባለቤት የሌለውን ጀሪካን በእግሩ እየገፋ፣ እግር የሌለበትን ጫማ እየዘለለ ቆጠረ። ከእርሻው ያልተመለሱ ሴቶችም ነበሩ፣ አሠሪያቸው አስቀርቷቸዋል። ሁለቱንም ሰልፍ ደገመው። በመጨረሻ "ኸላስ፣ አለቀ፣ ዙሩ" አለን።

በጥቂት ሰው በልጫለሁ።

አያ አስናቀው እግራቸውን እያሹ ቁልፉን ሰጡኝ። "በይ እንግዲህ" አሉ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠውም ሊያዩኝ ቀሩ። ሴቶቹ ከነሰልፋቸው ወደ ቧንቧው ዞሩ። ከፈትኩ። ውሃው ደህና ወረደ፣ ከዚያ ቀጠነ፣ ሰልፉ መሐል ሲደርስ አየር እየተፋ ቆመ።

"ለዚህ ነው የሮጥነው?" አለች አንዷ ከኋላ። ሌላዋ ጀሪካኗን መሬት ላይ ጣለችው።

አያ አስናቀው ከድንጋዩ ሳይነሱ ቧንቧውን በአገጫቸው አሳዩኝ።

"ስሙ" አልኩ። "ከነገ ጀምሮ ቀን የሚቀዳ ሁሉ ከሚወስደው ግማሹን ነው የሚወስደው። ታንከሩ አጋማሽ ላይ ሲደርስ እቆልፋለሁ። የቀረው ለማታ ነው።"

"እኔም?" አሉ ጋሽ ተሻለ።

"እርስዎም።"

"ቀን ሙሉ ከኋላሽ ቆሜ?"

"እርስዎም፣ ጋሽ ተሻለ። አራሷም። አራሷን ከራሴ እሞላላታለሁ እንጂ ሕጉ አይፈርስም።"

ጉርምርምታ ተነሳ፣ ከራሴም መራጮች ጭምር። መብርሂት ባዶ ጀሪካኗን ታቅፋ ጠጋ አለችኝና "እኩለ ቀን ላይ እዚህ ማን ቆሞ ሊያስከብረው ነው? አንቺ ሰሊጥ ላይ ነሽ" አለችኝ።

"ዛሬ ስቀር ቦታዬ ሄዷል። እኔው እቆማለሁ።"

"ምን በልተሽ ልታድሪ?"

"እሱን ነገ አስብበታለሁ" አልኳትና ቀድተው ከጨረሱት ሴቶች ለእሷ የወጥ ውሃ ልለምንላት ሄድኩ።