ችግኝ አጠጪው በያጅ

መምህሩ ፓርላማ ሲገባ ከተማው ሁሉ ጨፈረ። በያጁ ብቻ የላሜራ በር እየሞረደ፣ "አሁን ደግሞ አገር ምድሩን ችግኝ ሊያስጠጣ ነው" አለ። የሰማችው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ለምዳዋለች።

ነገሩ የቆየ ነው። መምህሩ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። መምህርነቱን ማንም አያማውም፤ ድምፁ ያለ ምንም መሣሪያ ከፊተኛው ረድፍ እስከ ኋለኛው ይደርሳል፣ ያልገባው ተማሪ ካለም ደጋግሞ ያስረዳል። የሚታማበት ነገር ቢኖር ሱፐርቫይዘር የመጣ ዕለት የሚሠራት ሥራ ናት። የእንግዳው ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ መምህሩ ዓይኑን ወደ ኋላ ይልክና፣ "አንተ፣ ከኋላ ያለኸው፣ ውጣና ችግኞቹን አጠጣ" ይላል።

ከኋላ ያለው በያጁ ነው። ያኔ በያጅ አልነበረም፤ እንደማንም ተማሪ ነበር። ባልዲውን አንስቶ ሲወጣ ክፍሉ ይስቅበታል። ከመስኮቱ ሥር ውሃ እያንጠባጠበ ጓደኞቹ የሚመልሱትን መልስ ያዳምጣል፤ ግማሹን እሱም ያውቀዋል። አንድ ቀን ዝናብ እየጣለ፣ ችግኙ ራሱ በውሃ በስብሶ ሳለ፣ ያው ትዕዛዝ መጣ። ወጣ። ባልዲውን ዝናቡ ላይ ወርውሮ ወደ ቤቱ ሄደና በዚያው ቀረ። ደደብ ባልሆን አያስወጡኝም ነበር ብሎ ራሱን አሳምኖ ብየዳ ለመደ። እናቱ አለቀሰች፤ ከትምህርት ቤቱ ግን የት ገባህ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በያጁ ይህቺን ሆዱ ውስጥ ቋጥሯታል።

የምርጫው ሰሞን መምህሩ ቤት ለቤት ዞረ። የብረት ሠሪዎቹ መንገድ ላይ ሲደርስ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ክረምት አልፎት ነበር። ከሌላ ሰፈር በተጎተተ ቀጭን ሽቦ አምፖሉ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ ይላል እንጂ የብየዳ ማሽን አያስነሳም። በያጁ ማሽኑን ጨርቅ አልብሶ በብሎን የሚታሰር ሥራ ብቻ እየለቀመ ይውላል፤ ከደንበኞቹ ግማሾቹ መብራት ወዳለበት ሰፈር ሄደዋል።

"የመጀመሪያው ጥያቄዬ የእናንተ ትራንስፎርመር ነው" አለ መምህሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። በያጁን "አይዞህ ወንድሜ" ብሎት አለፈ። አላወቀውም፤ ወይም ያወቀው አልመሰለም።

በያጁ መረጠው። ሚስቱ በምን ሆድህ መረጥከው ብትለው፣ "ሌሎቹማ መንገዳችንንም አልረገጡም" አላት።

ከዚያ በኋላ መምህሩ "የተከበሩ" ሆነ። ሱፍ ለበሰ፣ አካሄዱም ዝግ አለ። ለእረፍት ሲመጣ ስለ ትራንስፎርመሩ የጠየቀው ሁሉ "ሂደት ላይ ነው" የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። በያጁ ሂደት የሚባለው መሥሪያ ቤት የት እንደሆነ ቢያውቅ በእግሩ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ባልና ሚስት በባትሪ ሬዲዮ የምክር ቤቱን ስብሰባ ሲያዳምጡ የመብራት ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስትር ሪፖርት አቀረበ። የተቃጠሉ ትራንስፎርመሮች በሙሉ ተተክተዋል አለ። ጥያቄ ያለው ካለ ተባለ። በያጁ ሬዲዮኑን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ዝም። ከዚያ ጭብጨባ።

"ያንተ ሰውዬ እጅ እዚያ ጭብጨባ ውስጥ ይኖር ይሆን?" አለች ሚስቱ።

"ዝጊው። ባትሪው ያልቃል።"

እንዲህ እያለ ሚኒስትሩ ራሱ ሊመጣ ነው ተባለ፤ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሕዝቡን ሊያነጋግር። በያጁ ቆረጠ። ማንም አይጠይቅልኝም፣ በገዛ አፌ እጠይቀዋለሁ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሚስቱን አስቀምጦ ተለማመደባት።

"ክቡር ሚኒስትር፣ እህም፣ ክቡር ሚኒስትር..."

"ጉሮሮህን ስትጠርግ ሰውዬው ተሳፍሮ ይሄዳል" አለችው። "ደግሞ እኔን አትቆጣኝ፣ እኔ አይደለሁም ያቃጠልኩት።"

በዕለቱ ኮቱን ለብሶ ማልዶ ሄደና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። በሕይወቱ ከፊት ሲቀመጥ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው። አዳራሹ ሞላ። የመኪና ድምፅ ከበር ሲሰማ መምህሩ በወንበሮቹ መሐል እየተንጎራደደ መጣና ዓይኑ በያጁ ላይ አረፈ።

"አንተ፣ በያጁ። የጓሮው በር ማጠፊያ ተሰብሯል። ማሽንህን አምጣና በይድልን።"

"አሁን?"

"አሁን።"

"በምን መብራት?"

ሰው ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። "ጄኔሬተር አምጥተናል፤ ከዚያ ትስባለህ" አለው።

ሳቁ ያው የድሮው ሳቅ ነው። በያጁ አልሄድም ሊል አፉን ከፈተ፤ እግሩ ግን ቀድሞት ተነስቶ ነበር። የለመደ እግር ምን ይደረጋል።

ማሽኑን በጋሪ ገፍቶ በጓሮ በኩል ሲመለስ ስብሰባው ተጀምሯል። በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ገርበብ ብሏል። ግድግዳው ሥር አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር ታጉረመርማለች፤ የአዳራሹ መብራትም ማይክራፎኑም የሚሠሩት በእሷ ነው። በያጁ ሽቦውን ቀጠለና አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። ዛፉን ቀና ብሎ ሲያየው አወቀው። እሱ ያጠጣው ችግኝ ነው፤ ጣሪያውን አልፎታል።

ብዙ ሳይቆይ መምህሩ ላቡን እየጠረገ ወጣ።

"ለምን አልጀመርክም?"

"ብጀምር ይቺ ጄኔሬተር አትችለውም። አዳራሹ ይጨልማል፣ ሰውዬው ማይኩን እንደያዘ ይቀራል።"

"አውቃለሁ" አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፊዚክስ እኮ ነው ያስተማርኩህ።"

በያጁ ተነስቶ ቆመ። "ያወቁኝ አልመሰለኝም ነበር።"

"ችግኝ አጠጪውን?" መምህሩ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ቀጠለ። "ስማኝ። ትራንስፎርመሩን እንዳላነሳ ተነግሮኛል። ተተክቷል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል። ካነሳሁ በሚመጣው ምርጫ ዕጩ አልሆንም። መብራቱ በራሱ ጊዜ ቢጠፋ ግን ሚኒስትሩ ምን ሆነ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ የሆነ ሰው ይነግረዋል።"

"የሆነ ሰው። እርስዎ ሳይሆኑ።"

መምህሩ ላቡን ደግሞ ጠረገ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለ በያጁ። "ያኔ ሁልጊዜ እኔን የሚያስወጡት ደደብ ስለነበርኩ ነው?"

"ደደቦቹንማ ምን ብዬ አስወጣለሁ? እነሱ ዝም ይላሉ። አንተ ነህ ሱፐርቫይዘር ፊት ተነስተህ፣ 'መምህር፣ ይህቺን መልስ ትናንት አስጠንተውን የለ እንዴ?' ያልከኝ። በዚያች ዓመት የደረጃ ዕድገቴ ታለፈ። ከዚያ ወዲያ ስፈራህ ኖርኩ።"

በያጁ ማለቱን አያስታውስም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱን ግን ቆጨው። ለአንዲት ቃል፣ ለአንዲት 'ደደብ አይደለህም' ለምትባል ቃል፣ ይህ ሁሉ ዕድሜ!

"ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር?"

መምህሩ ዛፉን ወደ ላይ አየ። "ትልቅ ሆኗል" አለ።

"አጠጥቼዋለኋ።"

ከውስጥ የሚኒስትሩ ድምፅ በማይክራፎን ይመጣል። በያጁ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አደረገ። "አሁንም እኔን ከአዳራሽ አስወጥተው የራስዎን ሥራ ሊያሠሩኝ ነው። ይሁን፣ እኔ እለኩሳለሁ። ሲጠየቅ ግን የሚመልሱት እርስዎ ነዎት። የሆነ ሰው አይደለም።"

መምህሩ በተንጠለጠለው በር ገባ።

በያጁ መነጽሩን አወረደና ኤሌክትሮዱን ማጠፊያው ላይ ነካ አደረገው። ብልጭ አለ። ጄኔሬተሯ አቃሰተች፣ ሳለች፣ ዝም አለች። ውስጥ "ሙሉ በሙሉ ተዳርሷ..." ብሎ ማይኩ ተቋረጠ። ሰው ተንጫጫ።

"ምን ሆነ?" አለ ሚኒስትሩ። ያለ ማይክ ድምፁ ቀጭን ነው።

የመለሰ የለም። በያጁ ኤሌክትሮዱን እንደያዘ ጆሮውን ወደ በሩ ሰጠ። መምህሩ ምላሱን ዋጠ፣ አለቀ፣ ብሎ ሽቦውን ሊነቅል ሲል ወንበር ሲንቋቋ ሰማ። ከዚያ ያ ድሮ እስከ ኋለኛው ረድፍ የሚደርሰው ድምፅ ጓሮ ድረስ መጣ።

"ክቡር ሚኒስትር፣ መብራት ጠፍቶ ነው። ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። ትራንስፎርመሩ አልተተከለም። እንዳላነሳው ተነግሮኝ ነበር፤ ይኸው አነሳሁት።"

ትራንስፎርመሩ ክረምት ሳይገባ ተተከለ። በያጁ ማሽኑን ካለበሰው ጨርቅ አወጣው፤ የሄዱት ደንበኞችም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። መምህሩም እንዳለው ሆነ፤ በተከታዩ ምርጫ ዕጩ ትሆናለህ ያለው አልነበረም። ሱፉን ሰቅሎ ነጭ ጋወኑን ለበሰ፣ ጠመኔውን ያዘ። የሚያደንቀውም፣ ጅል የሚለውም አልጠፋ። በያጁ ፊት ስሙ ከተነሳ ግን መልሱ አንድ ነው፦ "ተናግሯል፣ አልካድኩም። እኔን ግን ወደ አዳራሹ ግባ አላለኝም።"

አንድ ከሰዓት መምህሩ እግሩ የተነቀለ የክፍል ወንበር ተሸክሞ መጣ። በያጁ ወረፋ ይያዙ ሊለው አስቦ ተወው፤ ተቀበለው።

"ያን ዕለት" አለ መምህሩ፣ በያጁ ኤሌክትሮድ ሲመርጥ እያየ፣ "እኔ ተናግሬ ስቀመጥ አንተም ገብተህ የራስህን ትላለህ ብዬ በሩን በሩን ሳይ ነበር።"

"ግባ ያለኝ አለ እንዴ?"

"በሩ እኮ አልተዘጋም ነበር። ማጠፊያው ተሰብሮ የለ።"

በያጁ የመረጠውን ኤሌክትሮድ መያዣው ላይ አጠበቀ። ወንበሩን አጋደመ፣ የተነቀለውን እግር ከቦታው አገናኘ፣ መነጽሩን አወረደ።

"ዓይንዎን ያዙሩ፣ መምህር" አለ።

መምህሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ በያጁም ለኮሰ።