አሥራ አንድ መስመርና አንድ እንቅልፍ

…እና ይህን ማሰቡ ራሱ ነውር ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ስለዚህ አስቀድሜ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ማንን? እዚህ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ደክሞኛል፣ ተቀመጡ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ መቶ ሰማንያ የወንዝ ስሌት ሁላችን ለምንጋራው ትልቁ የስሌት ማሽን አንድ በአንድ እልካለሁ፣ ቁጥሯን ለውጥ፣ አስቀምጥ፣ ላክ፣ ቁጥሯን ለውጥ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አለቃዬ በበሩ ሲያልፍ የእርስዎ ትጋት እኮ! ይላል፣ ወገቤ ግን ሌላ ይላል። ስክሪፕት፣ ማሽኑን በራሱ የሚያሠራ የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ተማሩ ተባለ፣ ተማርኩ፣ ስድስት ሳምንት የጠፋች ነጥብ ስፈልግ ዓይኔ ሊፈስ፣ በመጨረሻ አሥራ አንድ መስመር። ኢንተር። አራት ሰከንድ።

አራት! መቶ ሰማንያውም ሄደ። እኔስ ወዴት ልሂድ? ጡረታዬ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ የአራት ሰከንድ ሰው መሆኔ ከታወቀ አለቀልኝ። ስለዚህ ስሊፕ፣ ተኛ የምትለዋን ትእዛዝ ጨመርኩ፣ አንዷን ይልካል፣ ሁለት ደቂቃ ይተኛል፣ ሌላዋን ይልካል፣ ይተኛል፣ ሲመሽ ደግሞ እስኪነጋ ለጥ ይላል። ላፕቶፔ ሲዘጋ እንዳይቋረጥ ስክሪፕቱን ራሱን ትልቁ ማሽን ላይ ጫንኩት፣ ምን ያህል ማሽን ይያዝ የምትለዋን የአናቱን መስመር ከድሮ ፋይል ገልብጬ፣ ያቺ መስመር ግማሹን ማሽን ለብቻዬ እንደምትይዝ ማን አየ።

ይህንኑ ማሽን የምትጋራን አንዲት የዶክትሬት ተማሪ አየች።

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ወረፋ ላይ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ግማሹ በእርስዎ ስም ተይዟል፣ የእኔ ደግሞ በቀረው አይበቃውም፣ ሐሙስ ፈታኞች ፊት እቀርባለሁ፣ ውጤት ከሌለኝ ይጥሉኛል። ከባድ ስሌት ነው ልጄ፣ እላለሁ ፊቴን ኮስተር አድርጌ። ስክሪፕቱ ተኝቶ እኮ ነው! ግማሽ ማሽን ሙሉ እያንኮራፋ። እሺ ጋሼ፣ የእርስዎ ይቅደም፣ ትላለች፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ አምናኝ ሄዳ ትቀመጣለች። ይቺ እሺ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ ስድብ ወገብ ላይ አይቀመጥም።

ሰርዝ። ኢንተር።

ገባልኝ! ጋሼ ገባልኝ! ትጮኻለች፣ አለቃዬ ከቢሮው ብቅ ይላል፣ ለእኔ ብለው ከባዱን ስሌታቸውን አቋረጡ ትለዋለች፣ ስሌት! እጄን በሁለት እጁ ይጨብጣል፣ እርስዎን የመሰለ ሰው በምን ይተካል? በአሥራ አንድ መስመር፣ አፌ ላይ ደርሶ እውጠዋለሁ።

ቁጥሯን ለውጥ፣ አስቀምጥ፣ ላክ። በእጄ፣ እንደ ድሮው፣ ግማሹን ማሽን ሳልይዝባት። ሰባት። ስምንት። ወይ ወገቤ። አደራ፣ እዚህ ውስጥ የሰማችሁ ሁሉ፣ ነገሩ ከዚህ እንዳይወጣ፣ በተለይ አንቺ፣ ምላሴ።