የማዶው ታንኳ

ዶን ኮርኔሊስ በኮሎምቦው ምክር ቤት አምስት ዓመት ሲቀመጥ የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እደግፋለሁ»። አገሩን የሚገዙት እንግሊዞችም ለዚሁ ወደዱት። ወንበሩን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳለት ነበር፤ ምርጫ ሲቃረብ የገዛ ጥላውን እንኳ ማመን ተወ።

ተፎካካሪው ሴዳሪስ የባህል ሐኪም ነው። አገሩን ሁሉ ሲያክም ኖሯል፤ ከእሱ ጋር መወዳደር ቀላል አልነበረም።

በዋዜማው ጠዋት ሎሌው ጆሮኒስ እያለከለከ መጣ።

«ጋሼ፣ የእህትዎ ባል ጊርጎሪስ ከወንዙ ማዶ በታንኳ ተሻግሮ ሴዳሪስ ቤት ገባ። የቡላት ቅጠል ይዟል!»

«በአንድ እጁ?»

«በሁለት እጁ! ልክ እንደ አማላጅ።»

ቡላት የሚታኘክ ቅጠል ሲሆን በሁለት እጅ የሚሰጠው ለሚያከብሩት ወይም ለሚለምኑት ሰው ነው፤ በምርጫ ሰሞን ደግሞ ድምፅ ቃል ለሚገቡለት። ተገልብጦ የሚቀርበው በልቅሶ ቤት ብቻ ነው። ማዶ ያለው መንደር እንዳለ የጊርጎሪስ ዘመድ ነው።

«ሩዜን በልቶ ሸጠኝ!» አለ ኮርኔሊስ። «ሴዳሪስን ወስዶ ዘመዶቹን ሊያስምልለት ነው። ያለችውን አንዲት ታንኳ ደብቋት!»

«ምናልባት የታመመ ሰው ይኖር...»

«የታመምከው አንተ ነህ! ሂድ!»

ብዙም ሳይቆይ ጊርጎሪስ ራሱ ደጁ ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት ታንኳዋን ያስመጡልኝ። ፑንቺኖና በትኩሳት ልትሞትብኝ ነው። ሐኪሙ ወንዙ ዳር ቆሟል።»

«እህቴ ታማ እኔ ሳልሰማ?»

«እሷ ናት የከለከለችኝ። 'የሴዳሪስን መድኃኒት ጠጣች ከተባለ ወንድሜ መሳቂያ ይሆናል' ብላ ስትታገል ከረመች።»

ኮርኔሊስ ታንኳዋን ሊያስመጣ ወደ ጆሮኒስ ዞረ። ወዲያው ግን በሁለት እጅ የተያዘው ቡላት ትዝ አለው።

«የፖለቲካ ትኩሳት ነው» አለ። «ከነገ ወዲያ ይለቃታል። ያኔ ትሻገራለህ።»

ጊርጎሪስ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ኮርኔሊስ በሩን ዘጋበት።

በነገታው የማዶ ሰው መሻገሪያ አጥቶ ሳይመርጥ ቀረ፤ ኮርኔሊስም በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ታንኳዋ ከተደበቀችበት ወጣች፤ ከበሮ እያስመታ ተሻገረ። አማቹን በውሸቱ ሊያሳፍረው፣ እህቱንም ሊያቅፋት ቸኩሏል።

ጊርጎሪስ በገዛ ቤቱ ደጅ ላይ ጠበቀው፤ ቡላት ይዟል፣ በሁለት እጁ። ኮርኔሊስ ይቅርታ የሚጠይቀው መስሎት ፈገግ እያለ ተቀበለው። ቅጠሎቹ ተገልብጠዋል።

«አሁንስ አመኑኝ፣ ጋሼ?» አለው።